ማሆጋኒና ማሆጋኖይድ አይጦች፦ በጠጉራቸው ብቻ አምኖ ማዘዝ ያዋጣል?

ለአንጎል ጥናት ከሚታዘዙ የአይጥ መስመሮች መካከል ማሆጋኒና ማሆጋኖይድ የሚባሉት ብዙ ጊዜ የሚመረጡት በጠጉራቸው ምክንያት ነው። በሽታው አንጎል ውስጥ ነው፤ ምልክቱ ግን ጀርባቸው ላይ ይታያል። ግልገሉ ገና ሁለት ሳምንት ሳይሞላው፣ ፒሲአር (ጂን የሚለይ የቤተ ሙከራ ምርመራ) ሳይሠራ፣ የትኛው ወደፊት ታማሚ እንደሚሆን በዓይን ይለያል ተብሎ ይታሰባል። እዚህ የምንገመግመው ሁለቱን መስመሮች ነው፦ ምን እንደሚሰጡ፣ ለማን እንደሚሆኑ፣ የትኛው አሌል (የአንድ ጂን የተለየ ቅጂ) በየትኛው የዘር መሠረት (ሚውቴሽኑ በተቀመጠበት የአይጥ ዘር) ላይ ቢታዘዝ እንደሚሻል፣ ሥራው የት ላይ እንደሚበላሽ። ፍርዳችንን ቀድመን ብንናገር፣ ማሆጋኖይድ ዓመት መጠበቅ ለሚችል ቤተ ሙከራ ጥሩ መስመር ነው። ማሆጋኒ ቶሎ ውጤት ለሚፈልግና የማየሊን (የነርቭ ክሮች ሽፋን) ጉድለት መቀላቀሉ ለማያስቸግረው ይሆናል። ሁለቱንም በጠጉር ቀለማቸው ብቻ አምኖ የሚያዝ ግን ይከስራል።

ቀለሙ ከየት እንደሚመጣ ሳይታወቅ፣ ሌላው ነገር አይገባም። የዱር አይጥ ጠጉር አንድ ወጥ ቀለም የለውም። አንዱን ነቅለው በማይክሮስኮፕ ቢያዩት ጫፉ ጥቁር ነው፤ ከጫፉ ዝቅ ብሎ ቢጫ ቀለበት አለ፤ ከዚያ እስከ ሥሩ እንደገና ጥቁር ነው። ቀለበቱን የሚያመጣው አጉቲ የተባለው ፕሮቲን ነው። ቀለም ሠሪው ሕዋስ ላይ ኤምሲ1አር የሚባል ተቀባይ አለ። ተቀባዩ በሆርሞን ሲነቃ ሕዋሱ ጥቁሩን ቀለም፣ ዩሜላኒንን ይሠራል፤ አጉቲ መጥቶ ሲይዘው ወደ ቢጫው፣ ወደ ፊዮሜላኒን ይዞራል። በመጀመሪያው የግልገልነት ጠጉር ላይ አጉቲ የሚሠራው በተወለደ በመጀመሪያው ሳምንት ውስጥ ለጥቂት ቀናት ብቻ ነው፤ ቀለበቱ ጠባብ የሚሆነውም ለዚህ ነው።

አጉቲ ሥራውን የሚሠራው በሁለት ረዳቶች ነው። አንደኛው አትራክቲን ነው፤ የሕዋሱን ሽፋን ዘልቆ የተተከለና አጉቲን በውጭ በኩል የሚይዝ ፕሮቲን። ሁለተኛው ማሆጉኒን በሕዋሱ ውስጥ ይሠራል፤ ዩቢኪቲን የተባለውን ምልክት ሌሎች ፕሮቲኖች ላይ እየለጠፈ እጣቸውን ከሚወስኑት ኢንዛይሞች ወገን ነው። ከሁለቱ አንዱ ከጠፋ አጉቲ ቢኖርም የሚሰማው የለም፤ ቢጫው ቀለበት ይጠብባል ወይም ጨርሶ ይጠፋል፣ አይጧም ትጠቁራለች። የአትራክቲን ጂን ሲበላሽ የሚገኘው ማሆጋኒ ነው፣ ክሮሞዞም 2 ላይ። የማሆጉኒን ጂን ሲበላሽ የሚገኘው ማሆጋኖይድ ነው፣ ክሮሞዞም 16 ላይ። ሁለቱም ሪሴሲቭ ናቸው፤ አንድ የተበላሸ ቅጂ ብቻ ያላት ተሸካሚ አይጥ በቀለሟ ከጤነኛዋ አትለይም።

ማሆጋኒን ፕሪሲላ ሌን እና ማርጋሬት ግሪን እ.ኤ.አ. በ1960 ሲገልጹት ጉዳዩ የጠጉር ቀለም ብቻ ነበር። ጂኑ አትራክቲን መሆኑ የታወቀው በ1999 ነው። የአንጎሉ ነገር ጎልቶ የወጣው ከዚያ ወዲህ ነው። በ2003 ሊን ሄ፣ ቴሬሳ ገን፣ ግሪጎሪ ባርሽና ባልደረቦቻቸው የማሆጋኖይድን ጂን ለይተው በሳይንስ መጽሔት ሲያወጡ፣ ጂኑ ፈጽሞ የጠፋባቸው አይጦች ዕድሜያቸው ሲገፋ አንጎላቸው በቀዳዳዎች እንደሚሞላ አሳዩ። መልኩ የፕሪዮን በሽታን (ቅርጹ በተበላሸ ፕሮቲን የሚመጣ የአንጎል በሽታን) ይመስላል። የፕሪዮን በሽታ መለያ የሆነው፣ በፕሮቲን ቆራጭ ኢንዛይም የማይበገረው የፕሪዮን ፕሮቲን ክምችት ግን የለም። መስመሩ በቀጥታ ለዘረመል ጥናት የሚፈለገው በዚህ ነው፦ ያለ ተላላፊ ፕሪዮን አንጎልን ስፖንጅ የሚያስመስል ሂደት በአንድ ጂን መጥፋት ብቻ ይገኝበታል።

አሁን ወደ ዋናው እንግባ። የጂኑ ጉድለት ከአንጎሉ ይልቅ ጠጉሩ ላይ ቶሎ ይታያል። በአትራክቲን ላይ ይህ በደንብ ተጠንቷል። ሦስት የማሆጋኒ አሌሎች ጎን ለጎን ሲታዩ ክብደታቸው በቅደም ተከተል ነው፦ ኤምጂ-3ጄ ከሁሉም ይከፋል፣ ቀጥሎ የመጀመሪያው ኤምጂ፣ ከሁሉም የሚለዝበው ኤምጂ-ኤል ነው። ቅደም ተከተሉ በሕዋስ ውስጥ ከሚቀረው ጤነኛ የአትራክቲን ኤምአርኤንኤ (ፕሮቲኑ የሚሠራበት የጂኑ ቅጂ) መጠን ጋር ይሄዳል። መጠኑ ትንሽ ሲቀንስ ቀለሙ ቀድሞ ይለወጣል፤ የሰውነት ክብደትና ሌላው ነገር እንዲለወጥ ይበልጥ መቀነስ አለበት። ስለዚህ «ጥቁር ሆናለች» ማለት «አንጎሏ ይበሰብሳል» ማለት አይደለም። ለስላሳ አሌል የያዘች ጥቁር አይጥ ዓመት ቀልባችሁ አንጎሏን ስትቆርጡ የረባ ነገር ላታገኙ ትችላላችሁ። ጥፋቱ የአቅራቢው አይደለም፤ ያዘዛችሁት ቀለም ነው፣ የመጣውም ቀለም ነው።

በማሆጋኖይድ በኩልም አሌሎቹ በርካታ ናቸው፤ ለአንጎል ሥራ የሚፈለገው ኤምዲ-ኤንሲ ነው፣ ጂኑን ፈጽሞ የሚያጠፋው። ኤምዲ-ኤንሲ ሌላ የሚታይ ምልክትም አለው፦ ጢሙና ጠጉሩ ይጠማዘዛል። ይህ ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ነገር ግን ቀለሙ በማይታይበት ጊዜ ጢሙን ማየት ጠቃሚ ነው። ዝርዝሩ ላይ «ማሆጋኖይድ» የሚል ስም ብቻ አይታችሁ አትዘዙ፤ የአሌሉን ሙሉ ምልክት በማውስ ጂኖም ኢንፎርማቲክስ የመረጃ ቋት ላይ አመሳክሩ።

ቀለሙ የማይታይበት ጊዜ መቼ ነው? አብዛኛው ሰው በሚሠራበት የዘር መሠረት ላይ! ሲ57ብላክ/6 አይጦች ራሳቸው አጉቲ የላቸውም፤ ጥቁሮች ናቸው። ቢጫ ቀለበት በሌለበት ቀለበቱን የሚያጠፋ ጂን ምን ይታይበታል? ብዙ አዲስ ተማሪዎች መስመሩን አጉቲ ካለው የሲ3ኤች ዘር ወደ ሲ57ብላክ/6 ካዛወሩ በኋላ «ሚውቴሽኑ ጠፋ» ብለው የሚደናገጡት ለዚህ ነው። አልጠፋም፤ ተሸፍኗል።

ማሆጋኖይድ ሲዛወር ስሌቱን በወረቀት መሥራት ይሻላል። የማሆጉኒን ጂን ክሮሞዞም 16፣ አጉቲ ደግሞ ክሮሞዞም 2 ላይ ስለሆኑ ራሳቸውን ችለው ይወረሳሉ። ከመጀመሪያው ድቅል በሚወለደው ሁለተኛ ትውልድ ከ16 ግልገሎች 4ቱ አጉቲ የሌላቸው ጥቁሮች ናቸው። ከቀሩት 12 ውስጥ ደግሞ 3ቱ አጉቲ ኖሯቸው በማሆጋኖይድ የጠቆሩ ናቸው። በዓይን ሲታዩ 7 ጥቁሮች አሉ። ከ7ቱ ግን ሙሉ ሚውታንት የሆኑት 4 ብቻ ናቸው፤ ያውም ሁሉም በሕይወት ይወለዳሉ ብለን ብንገምት ነው፣ እንደማይወለዱ ወረድ ብለን እናያለን። ማሆጋኒ ላይ ነገሩ ይለያል። አትራክቲንና አጉቲ በአንድ ክሮሞዞም ላይ ስለሚገኙ አብዛኛውን ጊዜ ተያይዘው ይሄዳሉ፤ ከሲ3ኤች የመጣው የተበላሸ አትራክቲን የሲ3ኤችን ጤነኛ አጉቲ ይዞ ይመጣል። ቀለሙ በመዛወር ላይ ብዙም አይጠፋም። በሌላ በኩል የክሮሞዞም 2 ትልቅ ቁራጭ ከሲ3ኤች ተከትሎ እንደሚቆይ አትርሱ፤ ከመደበኛው ሲ57ብላክ/6 ጋር ያወዳደራችሁት ልዩነት የአትራክቲን ሳይሆን የዚያ ቁራጭ ሊሆን ይችላል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ማነጻጸሪያው ሁልጊዜ የአንድ ወሊድ ወንድምና እህት ይሁን።

ቀለሙንም፣ ሲ57ብላክ/6ንም የሚፈልግ መንገድ አለው። ጤነኛ አጉቲ የገባበት የሲ57ብላክ/6 መስመር ስላለ፣ ከመደበኛው ጥቁር ይልቅ ከዚያ ጋር ማዳቀል ነው። በጂን ማጥፋት ፕሮጀክቶች ከተሠሩት ግንድ ሕዋሳት መካከል ጄኤም8ኤ የሚባሉት አጉቲያቸው ተጠግኖላቸዋል፤ ከእነሱ የመጣ አይጥ ቀለሙን ሊያሳይ ይችላል።

ስለ ዘር መሠረት ይህን ያህል የምንጨነቀው ለቀለሙ ብቻ ብለን አይደለም። ሲ3ኤች/ኤችኢጄ አይጦች አርዲ1 የተባለ ሚውቴሽን ስላለባቸው ጡት በሚጥሉበት ዕድሜ ገደማ ዓይናቸው ይጠፋል። እንግዲህ የውኃ ገንዳ ፈተናም ሆነ ሌላ ማየትን የሚጠይቅ የማስታወስ ፈተና ከነሱ ጋር አይሆንም፤ ታማሚውም ጤነኛውም እኩል ይወድቃል። ሰውነት ባክቴሪያን የሚለይበት ቲኤልአር4 የተባለው ተቀባያቸውም አይሠራም። ስለዚህ የማይክሮግሊያን (የአንጎል ተከላካይ ሕዋሳትን) ቁጣ የሚያጠና ሰው በዚህ መሠረት ላይ የሚያገኘው መልስ የተዛባ ነው። ሲ3ኤች/ኤችኢኦዩጄ የቲኤልአር4 ችግር የለበትም፤ ዓይኑ ግን ያው ነው። ወንዶቹ ሲ3ኤቾች ደግሞ ዕድሜያቸው ሲገፋ ለጉበት ዕጢ የተጋለጡ ናቸው። ለዓመት የሚቆይ ጥናት ላይ ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ ከሳች ብላችሁ ያገለላችኋት አይጥ የጉበት በሽተኛ ልትሆን ትችላለች። ስትገደል ሆዷን ከፍቶ ማየት የግድ ነው።

ሲ57ብላክ/6ጄም ንጹሕ አይደለም። ኤንኤንቲ የሚባለው የሚቶኮንድሪያ ኢንዛይም ጂን በውስጡ ተቆርጧል። ሌላ ጥናት ቢሆን ኖሮ ችላ ሊባል ይችላል፤ እዚህ ግን አይቻልም። ማሆጉኒን የጠፋባቸው አይጦች አንጎል ውስጥ የሚቶኮንድሪያ ጉድለት ቀዳዳዎቹ ከመታየታቸው ብዙ ወራት ቀድሞ እንደሚጀምር ተዘግቧል፦ የኮምፕሌክስ 4 (ኃይል በማመንጨት የሚሳተፍ የሚቶኮንድሪያ ኢንዛይም) መጠንና ሥራ ይቀንሳል፣ የኦክሲዴሽን ጫና ይጨምራል። በአትራክቲን ሚውታንቶችም ተመሳሳይ ነገር ታይቷል። ኤንኤንቲ ደግሞ ሚቶኮንድሪያን ከኦክሲዴሽን ከሚከላከሉት አንዱ ነው። ጉዳዩ በቀጥታ የሚነካ ስለሆነ የኤንኤንቲ ፒሲአር ከማሆጉኒኑ ጎን አብሮ ይሠራ። ኤንኤንቲ ያልተነካበት ሲ57ብላክ/6ኤን አለ፤ እሱ ደግሞ አርዲ8 የሚባል የዓይን ሚውቴሽን ይዟል። ፍጹም መሠረት የለም፤ የሚያጠኑትን ነገር የማይነካውን ጉድለት መምረጥ ነው።

ትእዛዙን በተመለከተ፣ እንዲህ ያሉ ብዙ ጠያቂ የሌላቸው መስመሮች በባር ሃርበር፣ ሜይን ባለው ጃክሰን ላቦራቶሪም ሆነ በመሰል ማከማቻዎች አብዛኛውን ጊዜ በሕይወት አይጠበቁም፤ በፈሳሽ ናይትሮጅን ውስጥ በዘር ፈሳሽ ወይም በፅንስ መልክ ይቀመጣሉ። የትኛው ማከማቻ ምን እንዳለው ኢንተርናሽናል ማውስ ስትሬይን ሪሶርስ ላይ በአሌሉ ስም ይፈለጋል። ከበረዶ ማስነሳት ወራት ይወስዳል፣ ከተራ መስመር እጅግ ይወደዳል፣ የሚላኩትም ጥቂት ናቸው፣ ብዙ ጊዜም ተሸካሚዎች ብቻ። በዘር ፈሳሽ የተቀመጠ ከሆነ የእንቁላሏ ባለቤት ማን እንደሆነች ይጠይቁ። ለማዳቀያ የተጠቀሙት ሲ57ብላክ/6ጄ ከሆነ የመሠረቱ ግማሽ ተለውጦ ይደርሳችኋል፤ ከላይ የዘረዘርናቸው ችግሮች ሁሉ በአንድ ኬጅ ውስጥ ተደባልቀው ይመጣሉ።

ማራባቱ ላይ ማሆጋኖይድ ብዙ ያስከፍላል። ማሆጉኒን ፅንስ ውስጥ የግራና የቀኝ አቀማመጥ በትክክል እንዲዋቀር ያስፈልጋል። ሙሉ ሚውታንቶች መካከል ብዙዎቹ የልብ አፈጣጠር ጉድለት ኖሯቸው ገና በማኅፀን ወይም በተወለዱ ሰሞን ይሞታሉ። ተሸካሚን ከተሸካሚ ስታዳቅሉ ሩቡ ሚውታንት ይሆናል የሚለው የመማሪያ መጽሐፍ ስሌት እዚህ አይሠራም። ለዕቅድ ሲባል ግማሾቹ ሚውታንቶች ይሞታሉ ብላችሁ አስቡ። ያኔ ጡት ከሚጥሉት 7 ግልገሎች 1 ብቻ ሚውታንት ይሆናል። በ2፣ በ6 እና በ12 ወር ለመቁረጥ በየጊዜው 10 ሚውታንት ከተፈለገ በጠቅላላው 30 ያስፈልጋሉ፤ ለዚህም 210 ግልገል ጡት ማስጣል ነው። በአንድ ወሊድ 6 ግልገል ብንቆጥር 35 ወሊድ ይሆናል። ስምንት ጥንድ አይጦች እያንዳንዳቸው 5 ጊዜ ቢወልዱ 40 ይደርሳል፤ ይህ የሚቀረውን አምስት ወሊድ በዓመቱ ውስጥ ለሚሞቱት መጠባበቂያ ያደርጋል። ከዚህ ባነሰ የጀመረ ሰው ዓመቱ ሲያልቅ አራት አንጎል ይዞ ይቀመጣል።

የግልገሎች ቁጥር ሲያንስ እናትየዋ በላቻቸው ብሎ ወዲያው እናትን መቀየር የተለመደ ስህተት ነው። መጀመሪያ በተወለዱ ዕለት ሆዳቸውን ይዩ። የአዲስ ግልገል ቆዳ ስስ ስለሆነ የጠባው ወተት በሆዱ ላይ ነጭ ነጥብ ሆኖ ይታያል፤ ቦታው በግልገሉ ግራ በኩል ነው። በቀኝ በኩል ከታየ የውስጥ አካላቱ ተገልብጠዋል ማለት ነው፣ ግልገሉም ሚውታንት ሊሆን እንደሚችል ይጠቁማል። ማሆጋኒ በዚህ በኩል ይቀልላል።

ቀለሙን ለማንበብ ከ10 ቀን በፊት አትቸኩሉ። ግልገሉ ጠጉር ሲያወጣ ጀርባውን በጥሩ ብርሃን ከወንድሞቹ ጋር አሰልፋችሁ ተመልከቱ፤ ጆሮውና ጅራቱ ላይ ያለው ቆዳም ከሌሎቹ ይጠቁራል። ጥርጣሬ ካለ ከጀርባው መሐል ጥቂት ጠጉሮችን በፒንሴት ነቅላችሁ ስላይድ ላይ በዘይት ጠብታ አድርጋችሁ እዩ። ቀለበቱ ጠጉሩ ጫፍ አጠገብ ይፈለጋል። ሆድ አካባቢ ያለውን ጠጉር ለዚህ አትጠቀሙ፤ ሆድ ላይ አጉቲ በሌላ መንገድ ስለሚታዘዝ ያሳስታል።

ፒሲአሩ ቀላል ነው፤ የሚያበላሸው ግን ያው ቀለሙ ነው። 2 ሚሊሜትር የጅራት ጫፍ ወይም አንድ የጆሮ ቁራጭ በ75 ማይክሮሊትር መፍትሔ ውስጥ ይገባል፦ 25 ሚሊሞላር ሶዲየም ሃይድሮክሳይድና 0.2 ሚሊሞላር ኢዲቲኤ። በ95 ዲግሪ ለ30 ደቂቃ ይሞቃል፣ ይቀዘቅዛል፣ ከዚያ 75 ማይክሮሊትር 40 ሚሊሞላር ትሪስ ይጨመርበታል። ከዚህ 1 ወይም 2 ማይክሮሊትር ለፒሲአር ይበቃል። ሜላኒን ፒሲአርን ያግዳል። የሚውታንቶቹ ጆሮና ጅራት ደግሞ በሜላኒን የተሞላ ነው። ስለዚህ «አልሠራም» የሚል ውጤት ከሁሉ በላይ የሚያጋጥመው እናንተ በምትፈልጓቸው አይጦች ላይ ነው። የመሟሟቂያው ውኃ ጥቁር ወይም ቡናማ ሆኖ ከታየ አሥር እጥፍ አቅጥኑት፤ ካልሆነም ወደ ፒሲአሩ የከብት ሴረም አልቡሚን ጨምሩ። ትልቅ ቁራጭ ማስገባት አያግዝም፤ ያባብሰዋል። ሚውቴሽኑ በጂኑ ውስጥ በገባ ረጅም ቁራጭ የመጣ ከሆነ ሦስት ፕራይመር (ፒሲአሩ የሚነሳበት አጭር የዲኤንኤ ቁራጭ) ይጠይቃል፤ ሁለቱ ከቁራጩ ወዲህና ወዲያ፣ ሦስተኛው ከቁራጩ ውስጥ። አጭሩ ባንድ (ጄል ላይ የሚታየው የዲኤንኤ መስመር) በጣም ከጎላ ተሸካሚዋ አንድ ባንድ ብቻ ያላት መስላ ትታለፋለች። የፕራይመሮቹን መጠን ማመጣጠን ይህን ያስተካክላል። በእያንዳንዱ ሩጫ ላይ የታወቀች ተሸካሚ ናሙና አብራ ትግባ።

አንጎሉ ላይ ስንደርስ ትዕግሥት ዋጋ አለው። የማሆጋኖይድ ወጣት አይጦች አንጎል በተራ የቤተ ሙከራ ማቅለሚያ ሲታይ ደህና ይመስላል። በአንድ ዓመታቸው ግን ቀዳዳዎቹ በሰፊው ይታያሉ። ማሆጋኒ ኤምጂ-3ጄ ይህን ያህል አያስጠብቅም፤ ቀዳዳዎቹ በወጣትነት ይመጣሉ፣ ማየሊኑም የጎደለ ነው፣ አይጦቹም ይንቀጠቀጣሉ። የአትራክቲን ጂን የተበላሸበት ዚተር የተባለው አይጠ መጎጥም ተመሳሳይ መንቀጥቀጥና ቀዳዳ አለው፤ ትልቅ አንጎል ለሚፈልግ ሰው እሱን ማሰብ ይቻላል።

ቀዳዳ መቁጠር ከባድ የሚሆነው አዘገጃጀቱ ራሱ ቀዳዳ ስለሚፈጥር ነው። አይጧ በማደንዘዣ ሥር በልቧ በኩል በመጀመሪያ 20 ሚሊሊትር የጨው መፍትሔ፣ ቀጥሎ 30 እስከ 40 ሚሊሊትር 4 ከመቶ ፓራፎርማልዲሃይድ ይለፍባት። ጉበቱ ነጭ ካልሆነ ደሙ አልወጣም። አንጎሉ በዚያው ፈሳሽ ከ24 እስከ 48 ሰዓት ይቆይ፣ ከዚያ ወደ ፓራፊን ይሂድ። 70 ከመቶ አልኮል ውስጥ ለሰንበት ጥሎ መሄድ ትልቁ ጠንቅ ነው፤ ነጩ የአንጎል ክፍል ላይ ከበሽታው የማይለዩ ባዶ ቦታዎች ይወጣሉ። በበረዶ ለሚቆረጥ አንጎል 30 ከመቶ ስኳር ውስጥ እስኪሰምጥ መጠበቅ ያስፈልጋል። ሳይሰምጥ የቀዘቀዘ አንጎል የበረዶ ቅንጣት ይቀድደዋል፤ ያኔ ጤነኛውም ታማሚ ይመስላል።

እውነተኛዎቹ ቀዳዳዎች ክብና ጠርዛቸው ጥርት ያለ ነው፤ በነርቭ ሕዋሳት መካከል ባለው ጥልፍልፍ ውስጥ ተበትነው ይገኛሉ። በነርቭ ሕዋስ ወይም በደም ሥር ዙሪያ እንደ ቀለበት የሚታይ ባዶ ቦታ የመሸብሸብ ውጤት ነው፣ አይቆጠርም። ኮርቴክስ፣ ሂፖካምፐስ፣ ታላመስና የአንጎል ግንድ ለየብቻቸው ከ0 እስከ 4 ነጥብ ይሰጣቸው። ነጥብ የሚሰጠው ሰው የጠጉሩን ቀለም ማወቅ የለበትም። ይህ ጥንቃቄ እዚህ መስመር ላይ ከሌላው ይልቅ ይከብዳል፤ አይጧን የገደለው ሰው ቀለሟን አይቷታልና ስላይዱን የሚያነበው ሌላ ሰው ይሁን፣ ስላይዶቹም በቁጥር ይሸፈኑ። ከእያንዳንዱ ሚውታንት ጋር በዚያው ዕለት፣ በዚያው ጠርሙስ የተዘጋጀ የአንድ ወሊድ ጤነኛ ይኑር።

«አንጎሉ እንደ ፕሪዮን ነው» ስለተባለ የቤተ ሙከራ ደኅንነት ኮሚቴዎች ይደነግጣሉ። ኢንዛይም የማይበግረው ፕሪዮን ስላልተገኘበት የፕሪዮን ጥንቃቄ የሚያስፈልግበት ምክንያት የለም። የ2003ቱን ጽሑፍ ከማመልከቻው ጋር አያይዛችሁ ብታስገቡ ነገሩ ያጥራል። ከፕሪዮን ጋር ያለውን ዝምድና በተመለከተ በ2009 ቻክራባርቲና ሄግዴ አንድ መልክ ያለው የፕሪዮን ፕሮቲን ወደ ሕዋስ ውስጠኛው ፈሳሽ ሲጋለጥ ማሆጉኒንን ይዞ ሥራ እንደሚያስፈታው አሳዩ። ሐሳቡ ደስ ይል ነበር። በ2013 ግን የማሆጉኒን መጠን የፕሪዮን በሽታን አካሄድ እንደማይለውጥ በአይጦች ላይ ታየ። ስለዚህ መስመሩን ለተላላፊ ፕሪዮን ሕክምና መሞከሪያ ብሎ መግዛት አንመክርም። ጥንካሬው በሌላ በኩል ነው፦ ማሆጉኒን ቲኤስጂ101 ለተባለው ፕሮቲን ዩቢኪቲን ይለጥፋል፤ ቲኤስጂ101 ደግሞ በሕዋስ ውስጥ ያሉትን ከረጢቶች ጭነት ከሚያከፋፍሉት ነው። ያ ሲታወክ ጠጉርም፣ አንጎልም ይታወካል። የሕዋስ ቆሻሻ አወጋገድንና የሚቶኮንድሪያን መጎዳት የሚያጠና ሰው ገንዘቡ አይባክንም።

ውፍረት የሚያጠኑ ሰዎችም አይለፉን። ሊታል የሎ የተባለው ቢጫና ወፍራም አይጥ አጉቲን በሰውነቱ ሁሉ ያለ ጊዜው ይሠራል። ማሆጋኒም ማሆጋኖይድም ሲገቡበት ቢጫነቱም ውፍረቱም ይቀንሳል። ቢጫውን ከቢጫው ስታዳቅሉ ሁለት የቢጫ ቅጂ የወረሱት ፅንሶች ስለሚሞቱ በሕይወት ከሚወለዱት ሁለት እጁ ቢጫ፣ አንድ እጁ ሌላ ይሆናል፤ ይህ ከማሆጋኖይዱ ሞት ጋር ተደምሮ ቁጥሩን ስለሚያዘባርቅ ቢጫውን ሁልጊዜ ከቢጫ ካልሆነ ጋር ማዳቀል ይሻላል።

ነጥብ ስንሰጥ፣ ማሆጋኖይድ ኤምዲ-ኤንሲ ለነርቭ መበስበስ ጥናት ከ5 4 ያገኛል፤ የጎደለው 1 በማኅፀን ለሚሞቱትና ለረጅሙ ጥበቃ ነው። ማሆጋኒ ኤምጂ-3ጄ 3 ያገኛል፤ ፈጣንና ለማራባት ቀላል ነው፣ ግን ቀዳዳውን ከማየሊን ጉድለት መለየት ያስቸግራል። ኤምጂ-ኤል ለጠጉር ቀለም ትምህርት ጥሩ ነው፤ ለአንጎል አናዝዘውም።

ከማዘዛችሁ በፊት አቅራቢውን በጽሑፍ የምትጠይቁት ይህን ነው፦ የአሌሉ ሙሉ ስም፣ የቆመበት የዘር መሠረትና ከዚያ መሠረት ጋር ስንት ትውልድ መልሶ እንደተዳቀለ፣ አጉቲው ጤነኛ ይሁን አይሁን፣ አርዲ1፣ አርዲ8፣ ቲኤልአር4 እና ኤንኤንቲ ምን ዓይነት እንደሆኑ፣ የሚላኩት ተሸካሚዎች ወንድ ናቸው ሴት። መጀመሪያ ከሚደርሱት ወንዶች ቢያንስ የሁለቱን ዘር በረዶ አስገቡ፤ ሁለተኛ ጊዜ ከማከማቻ ማስነሳት እንደ መጀመሪያው ወራትና ገንዘብ ይፈልጋል።